ዘጠኝ መስመር ሽንኩርት

የጋሽ ረጋሳን ሞት የሰማሁት ከእናቴ ደብዳቤ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ከበርበሬው መወደድና ከታናሽ ወንድሜ ጉንፋን ቀጥሎ፣ «ያ ጋራዥ አብሮሽ ይሠራ የነበረው ሰውዬ፣ ረጋሳ፣ ደራ ላይ ዐርፎ ተቀበረ ብለው አወሩን፤ ነፍስ ይማር» ይላል። ከዚያ ብርድ ልብሱ ይበቃኝ እንደሆነ ትጠይቃለች። እናቴ ጋሽ ረጋሳን ያየቻቸው አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ አልፈርድባትም። ደብዳቤውን በቁሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አጥፌ የኬሚስትሪ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ክፍል ሄድኩ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከክፍል ቀርቼ አላውቅም። ያን ዕለትም አልቀረሁም።

ስለ እሳቸው መጻፍ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። ግን ሌላው ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው የሚያውቀው የተሳሳተውን ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። እንደገና እስክፈተን ድረስ ናዝሬት በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጋራዥ በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ጋራዡ በስምጥ ሸለቆ ላሉት የገበሬ አምራቾች ማኅበራት የውኃ መሳቢያ ሞተሮችን ይጠግናል። ጋሽ ረጋሳ ዋና መካኒኩ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ አምሳውን ያለፉ፣ ከናዝሬት ብዙም ከማትርቀው ከደራ የመጡ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው ሙያውን የለመዱት። ግራ ጆሯቸው በሞተር ጩኸት ስለደነቆረ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ዞር አድርገው በቀኙ ይሰማሉ። አዲስ ናፍታ ሲመጣ ጣታቸውን ይነክሩና በዚያው በቀኝ ጆሯቸው አጠገብ በሁለት ጣት ያሹታል።

«ምን ይሰማሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው በመጀመሪያው ሳምንት።

«አሸዋ ካለበት ይናገራል። ዝም ካለ ንጹሕ ነው። ሰውም እንደዚህ ቢሆን ጥሩ ነበር።»

ብዙ አይናገሩም፤ የሚናገሯት ግን ጋራዡ ውስጥ ትደጋገማለች። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበረን። መፈክሩ አልቆ ወደ ሥራ ስንመለስ ካቻቪቴያቸውን ከኪሳቸው እያወጡ «በሉ እንግዲህ፣ ሞተር ስብሰባ አልሰማም፣ እኛው እንንገረው» ይላሉ። ሠራተኛው ይስቃል፤ ማን እንደሚሰማ ዞር ዞር ብሎ አይቶ ነው የሚስቀው።

ያኔ ናፍታ በኩፖን ነበር። ኩፖኑ ኖሮ ናፍታው የማይኖርበት ሳምንት ይበዛል። ማደያው በር ላይ ጀሪካኖች በገመድ ታስረው ይሰለፋሉ፤ ባለቤቶቻቸው ጥላ ፈልገው ይተኛሉ። ከዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሉት ማኅበራት ግን መተኛት አይችሉም። ሽንኩርት ውኃ ካላገኘ በዚያ ፀሐይ አይታገሥም። አንድ ቀን ከአዳሚ ቱሉ ማኅበር አዴ ቡሊ የሚባሉ ሴት፣ የሴቶቹ ቡድን መሪ፣ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው ጋራዣችን ድረስ መጡ። ሞተሩ አልተበላሸም። ናፍታ ፈልገው ነው።

«እኛ እኮ መካኒክ ነን፣ ማደያ አይደለንም» አሏቸው ጋሽ ረጋሳ።

«ረጋሳ፣ አንተ የማይሄድ ሞተር አስነስተህ የለም? ይሄንንም አስነሣ። ጤነኛ ነው፣ የራበው ብቻ ነው» አሉ አዴ ቡሊ።

ጋሽ ረጋሳ ሳቁ። ግን ነገሩ ከጭንቅላታቸው አልወጣም። በጦርነት ጊዜ ናፍታ ሲጠፋ ከዘይት ነዳጅ ይሠራ እንደነበር ጣሊያኑ አለቃቸው አውርቷቸው ነበር። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ጉሎ የትም ይበቅላል፤ በቦዩ ዳር፣ በአጥሩ ሥር፣ በቆሻሻው ክምር ላይ። ከብት አይበላውም፣ ሰው አይበላውም።

«የሚበላ ዘይት ሞተር ውስጥ አልጨምርም» አሉኝ። «ሰው ዘይት አጥቶ ሞተር ሲጠጣ ማየት ኃጢአት ነው። ጉሎ ግን ማንም አልጠየቀውም።»

የጉሎ ዘይት እንዳለ ወፍራም ነው፤ ሞተር አይውጠውም። ከአልኮልና ሳሙና ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ኮስቲክ ሶዳ ጋር ሲዋሐድ ግን ይቀጥናል፤ ወፍራሙ ከታች ይዘቅጣል፣ ከላይ የሚቀረው ይነድዳል። ይህን ዛሬ በኬሚስትሪ ስሙን አውቀዋለሁ። ያኔ ጋሽ ረጋሳ ስሙን ሳያውቁ ሠሩት። በመጀመሪያው ሙከራ አልኮል ስላጡ አዳሚ ቱሉ ላይ በሴቶቹ አረቄ ሞከሩ። አረቄው ውኃ ነበረበት። በርሜሉ ውስጥ ያለው ነገር ቀስ እያለ ነጣ፣ ረጋ፣ ማንኪያ አቆመ። ጋሽ ረጋሳ በጣታቸው ነክተው ጆሯቸው ጋ አሹት፤ አረፋ ወጣ።

አዴ ቡሊ አጎንብሰው አሸተቱ። «ሳሙና ነው!»

ሳሙና በዚያ ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ በተራ ነበር የሚገኘው። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ረጋሳ፣ ናፍታው ይቅርብን። ይሄን ቀጥልበት!»

«አረቄ ማውጣት ከጀመራችሁ ጊዜ አንሥቶ ውኃ ስታበዙ ነበር ማለት ነው» አሉ ጋሽ ረጋሳ ተናደው። «ባሎቻችሁ ሳይሰክሩ የሚገቡት ለካ ለዚህ ነው!»

ያን ቀን በቆርቆሮ በቆርቆሮ ተከፋፍለው ወሰዱት። ለእኔም ደረሰኝ። ጋሽ ረጋሳ በሦስተኛው ቀን የጠራ አልኮል የሚገኝበትን ቦታ ማፈላለግ ጀመሩ። በብዙ ደብዳቤ አንድ በርሜል ተፈቀደ። ደብዳቤዎቹን የተየብኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው «ቆንጆ አድርገሽ ለምኚልኝ» ይሉኛል። ጎበዝ ለማኝ ነበርኩ።

ነዳጁ ተሳካ። ሞተሩ ተነሣ፤ ጭሱም የተጠበሰ ነገር ይሸታል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ያጨበጭብ ነበር። ጋሽ ረጋሳ ግን «መነሣቱ ምንም ማለት አይደለም። ከናፍታ ጋር እናወዳድረው» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እሳቸውን የማያስረሳኝ።

አንድ የሊትር ጠርሙስ ከሞተሩ በላይ ሰቀሉ፤ ነዳጁ በቀጭን ጎማ ይወርዳል። አንድ ቀን በናፍታ፣ በማግስቱ በጉሎ። ሞተሩ ያው፣ ፓምፑ ያው፣ ቦዩ ያው። ጠርሙሱ ሲያልቅ ስንት መስመር ሽንኩርት እንደጠጣ አዴ ቡሊ ቆጥረው ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። መስመር የሚለውን መለኪያ የመረጡት ጋሽ ረጋሳ ናቸው። «ሊትር ለቢሮ ነው» አሉኝ። «ሊትር አይበላም። እነዚህ ሴቶች የሚያውቁት መስመር ነው፣ እነሱ በሚያውቁት ካልለካን ነገ ሊያርሙን አይችሉም።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንድንሞክር ጠየቅኳቸው፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠን ብዬ ነው።

«ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ መሬቱ ይጠማል። ጠዋት ከጠዋት ጋር ነው የሚወዳደረው። አንቺን ከእኔ ጋር ሩጫ ቢያወዳድሩሽ ደስ ይልሻል?»

«አሸንፋለሁ እኮ።»

«ለዚያ ነው ደስ የማይለው።»

ናፍታው አሥር መስመር ያጠጣል። ጉሎው ዘጠኝ። በአራተኛው ጠዋት አዴ ቡሊ «ዘጠኝና ትንሽ» ብለው ሲጠሩ እኔ «አሥር» ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ረጋሳ እንዲደሰቱ ፈልጌ ነበር፤ ስንት ወር ለፍተዋል። ማታ ማታ ወረቀቱን ያነባሉ። ያን ቀን አንብበው ወደ እኔ ገፉት።

«አሥረኛውን መስመር ማን አጠጣው?»

ቁጥሩን በጣቴ ሸፈንኩት።

«አንቺ በባልዲ አጠጥተሽው ነው?» አሉ፤ አልቆጡም። «ትዕግሥት፣ እኔ ደስ ብሎኝ ሽንኩርቱ ውኃ አይጠጣም። ሰርዢው።»

ሰረዝኩት። አፍሬ ለቀናት ቀና ብዬ አላየኋቸውም፤ እሳቸው ግን በማግስቱ ረስተውት ነበር፣ ወይም የረሱ መስለው ነበር።

የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው። እኔ አልኮሉንና ሶዳውን ብቻ ደመርኩ። «የሴቶቹስ ቀን?» አሉኝ። ጉሎውን የሚለቅሙት፣ የሚፈለፍሉት፣ የሚቆሉት፣ የሚወቅጡት ሴቶቹ ናቸው። አዴ ቡሊ ራሳቸው «ኧረ እኛ ምን ሥራ አለን፣ እንተወው» ቢሉም ጋሽ ረጋሳ እንቢ አሉ። «ጉሎ ትፈለፍያለሽ ማለት ሽንኩርት አትኮተኩችም ማለት ነው። ይቆጠራል።» ሁሉም ሲቆጠር አንድ ሊትር የጉሎ ነዳጅ በመንግሥት ተመን ከሚሸጠው ናፍታ ሦስት እጥፍ ያህል ወጣ። አዝነው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የሚጻፈውን ነገሩኝ፦

«ናፍታ ካለ ናፍታ ይሻላል፤ በሥራም በዋጋም። ናፍታ የጠፋ ቀን ግን ሽንኩርቱ ከሚሞት ይሄ ያድነዋል። አልኮል ከሌለ የጉሎ ዘይት ብቻውን ሞተር ውስጥ እንዳይገባ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አትጨምሪ።»

ሪፖርቱ ሦስት ገጽ ሆነ። አንደኛው ገጽ መግቢያ ነው። ሁለተኛው ላይ መስመሮቹ፣ ዋጋውና ማስጠንቀቂያው አሉ። ሦስተኛው ላይ ምስጋናና የጋሽ ረጋሳ ፊርማ። ፊርማቸው ትልቅ ነበር፤ ሲፈርሙ ምላሳቸውን በትንሹ ያወጣሉ።

ሪፖርቱ በገባ በሦስተኛው ቀን የጋራዡ አለቃ፣ ጓድ ኃላፊው የምንለው፣ አስጠራኝ። ስሙን አልጽፈውም፤ ዛሬም በቦታው ነው። የአብዮት በዓል ቀርቦ ነበር፤ ከበላይ የሚመጡ እንግዶች ነበሩ፣ የእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የሥራ ፍሬ ይነበብላቸዋል። ሪፖርቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ይሄን የተየብሽው አንቺ ነሽ? ምን ያለ ንጹሕ ሥራ ነው!» አለኝ። ተቀመጪ አለኝ። ማንም ኃላፊ ተቀመጪ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «ግን ይሄ ገጽ ሁለት… ሰውዬው ሠርቶ ሠርቶ መጨረሻ ላይ አይረባም ይለናል እኮ።»

«አይረባም አላሉም፣ ጓድ። ናፍታ ሲጠፋ…»

«ናፍታ ጠፋ ብለን በበዓል ቀን ልናነብ ነው?»

እስኪርቢቶውን አነሣና እያስተካከለ ነገረኝ። የሴቶቹ ቀን ይውጣ፤ በፈቃደኝነት ያበረከቱት ጉልበት ነውና ዋጋ የለውም። ጉሎው ሜዳ ላይ የበቀለ ነው፣ ይውጣ። የናፍታው ዋጋ ደግሞ ከመንግሥት ተመን ወጥቶ «አሁን ባለው የገበያ ሁኔታ» ይሁን። የጥቁር ገበያውን ዋጋ ማለቱ ነው። ጥቁር ገበያ የሚባል ነገር በአካባቢያችን የለም ብሎ በስብሰባ ላይ ሲናገር የሰማሁት እሱን ነበር። ማስጠንቀቂያው «ጥርጣሬ ስለሚፈጥር» ተሰረዘ። በመጨረሻ ዘጠኙን በቀይ አክብቦ አሥራ አንድ አደረገው።

«ጋሽ ረጋሳስ?» አልኩት።

«ፊርማቸው ገጽ ሦስት ላይ አለ አይደል? ገጽ ሁለትን ብቻ ድገሚው።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ለፈተና እያጠናሽ ነው አሉ። ጎበዝ። ስትሄጂ ከመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግሻል።»

«እሺ» አልኩ።

ማንም አላስፈራራኝም። ይህን ደግሜ ደግሜ አስቤዋለሁ፤ ቢያስፈራራኝ ኖሮ ዛሬ የምለው ነገር ይኖረኝ ነበር። አመስግኖኝ ነው የተየብኩት። በሦስት ካርቦን ተየብኩት፤ ያ ገጽ አንድም የፊደል ስሕተት አልነበረበትም።

ሪፖርቱ በበዓሉ ቀን ተነበበ፤ ተጨበጨበ። ጋሽ ረጋሳ በዚያ ሰሞን የተበላሸ ሞተር ሊጠግኑ ወደ ቡልቡላ ተልከው ስለነበር አልሰሙትም። ጭብጨባው ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ከበዓሉ በኋላ ግን የአዳሚ ቱሉ ማኅበር የናፍታ ኮታ ተቆረጠ። «የራሳችሁ ነዳጅ አላችሁ፤ ከናፍታም ይበልጣል» ተባሉ፤ ማስረጃ እንዲሆናቸው የሪፖርቱ ቅጂ ተላከላቸው። አልኮሉ በሁለት ሳምንት አለቀ። ሌላ በርሜል ሲጠይቁ በሪፖርቱ ላይ አልኮል የግድ ነው የሚል ቃል እንደሌለ ተነገራቸው። ሴቶቹ የጉሎውን ዘይት አሞቁና እንዲሁ ጨመሩት። ሞተሩ ጥቂት ቀን እያጉረመረመ ሠራ፣ ከዚያ ቆመ።

መልእክቱ ሲደርሰን ጋሽ ረጋሳ ተመልሰው ነበር። የጥገና ቅጽ የምሞላው እኔ ስለሆንኩ አብሬያቸው ሄድኩ። ሽንኩርቱ ቅጠሉ ወድቆ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጋሽ ረጋሳ የነዳጁን ፖምፓ ፈቱት፤ ውስጡ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ተጣብቋል።

«ብቻውን እንዳይገባ ብዬ አልነበረም?» አሉ።

አዴ ቡሊ ወረቀቱን ከጉያቸው አወጡ። «ለእኛ ሌላ ነገርከን፣ ለመንግሥት ሌላ ጻፍክ። የማኅበሩ ጸሐፊ አንብቦልናል። አሥራ አንድ መስመር ይላል። እኔ ነኝ የቆጠርኩት! መቼ ነው አሥራ አንድ ያልኩህ?»

ጋሽ ረጋሳ ወረቀቱን ተቀብለው ገጽ ሁለትን አነበቡት። ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። ጨርሰው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አዩ። ቅጹን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ያኔ መናገር እችል ነበር፤ አሥር እርምጃ አይሆንም በመካከላችን የነበረው።

«ይሄ ፊርማህ አይደለም?» አሉ አዴ ቡሊ።

«ፊርማዬ ነው» አሉ ጋሽ ረጋሳ።

አዴ ቡሊ አልጮሁም። «ሶባ» አሉ በኦሮምኛ፣ ውሸት ማለታቸው ነው። ሌሎቹም ሴቶች ተቀብለው አሉት፤ «ሶባ»። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡን። ከዚያ በፊት በዚያ ማኅበር እንግዳ ሳይሸኝ ሄዶ አያውቅም።

በሳምንቱ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች ጋራዥ መጡ። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው፤ የሕዝብ ሞተር አውድሟል፣ ሰብል አድርቋል። ጋሽ ረጋሳ መሣሪያዎቻቸውን በመጠናቸው ቅደም ተከተል ሳጥኑ ውስጥ መልሰው ቁልፉን ለዕቃ ቤቱ ሰጡና አብረዋቸው ሄዱ። ጓድ ኃላፊው በማግስቱ አስጠርቶኝ፣ «አይዞሽ። ረጋሳ ገጽ ሁለትን አንብቤ ነው የፈረምኩት ብሏል። አንቺን የሚነካሽ ነገር የለም» አለኝ። የድጋፍ ደብዳቤዬን ያን ዕለት ፈረመልኝ። ተቀበልኩት።

ስምንት ወር ታስረው ተፈቱ፤ ከሥራም ተሰናበቱ። እኔ በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመምጣቴ በፊት ድፍረቴን ሁሉ ሰብስቤ ደራ ሄድኩ። እኅታቸው ቤት በረንዳ ላይ የላምባ ምድጃ ፈትተው ተቀምጠዋል፤ ሞተር አምኖ የሚሰጣቸው ሰው አልነበረም። ከስተው ነበር። ገና ሳልቀመጥ ማልቀስ ጀመርኩ።

«አካም ጅርታ?» አሉኝ፤ ደኅና ነሽ ወይ ማለታቸው ነው፣ ሁልጊዜ እንደሚሉኝ። «ተቀመጪ። ላምባ ላይ እንዳትረግጪ።»

«ጋሽ ረጋሳ፣ እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ። ሌላ ማን ይተይባል?»

«ለምን አልተናገሩም?»

ክሩን ከምድጃው መዝዘው በመቀስ አስተካከሉት። «ብናገር አንቺም ትታሰሪያለሽ፣ እኔም አልፈታም። ሁለት ሰው ከሚታሰር አንድ ሰው ይሻላል። ይሄም ማወዳደር ነው።» ቀና አሉ። «ስምንቱ ወር አልፏል፤ እሱን ተይው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። አዳሚ ቱሉ ያሉት ሰዎች ረጋሳ ዋሸን ይላሉ። ሠላሳ ዓመት በእነዚያ እርሻዎች ሠርቻለሁ፤ ሌባም ሰካራምም ብለውኝ ያውቃሉ፣ ውሸታም ያለኝ አልነበረም። ሄደሽ ንገሪያቸው። ለቢሮ አይደለም፣ ለእነሱ ብቻ። ለአዴ ቡሊ።»

«እሄዳለሁ።»

«መቼ?»

«ከመሄዴ በፊት። በዚህ ሳምንት።»

በቀኝ ጆሯቸው በኩል ዞረው ሰሙኝ። «ትዕግሥት፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ ከሆነ እሺ አትበዪኝ።»

«ከልቤ ነው፣ ጋሽ ረጋሳ።»

ከልቤም ነበር። ግን በዚያ ሳምንት ሻንጣ ነበረ፣ ምዝገባ ነበረ። ነገሩ ጓድ ኃላፊው ጆሮ ቢደርስ ደብዳቤዬን ይሰርዘው ይሆን ብዬም ፈራሁ። በገና እሄዳለሁ አልኩ፤ በገና ፈተና ደረሰ። እሳቸው ደራ ላይ በየቀኑ ይጠብቁኝ ነበር ወይ፣ አላውቅም። እኅታቸውን ለመጠየቅ እስካሁን አልደፈርኩም።

የእናቴ ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት እንደተሰጠን ናዝሬት አንድ ቀን ብቻ አድሬ አዳሚ ቱሉ ሄድኩ። ሽንኩርት የነበረበት ማሳ ላይ የዝናብ በቆሎ ተዘርቶ አገዳው ቀርቷል። ሞተሩ ተነቅሎ ተወስዷል። አዴ ቡሊ ከሦስት ሴቶች ጋር በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር። ወዲያው አወቁኝ፤ ሳሙናውን አስታውሰው ሳቁም። ሳቃቸው ሳያልቅ ነገርኳቸው።

«አሥራ አንድ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ረጋሳ ያሉት ዘጠኝ ነው። የሴቶቹ ቀን ይቆጠር ብለው፣ ዘይቱ ብቻውን እንዳይገባ ብለው የፈረሙት በዚያ ላይ ነበር። ከፈረሙ በኋላ ገጹን ለወጥኩት።»

አዴ ቡሊ እጃቸው ላይ ያለውን በቆሎ መሬት አስቀመጡት። ለሌሎቹ በኦሮምኛ ነገሯቸው። ኦሮምኛዬ ጥቂት ነው፤ ሶባ የሚለውን ቃል ግን ሰማሁ፣ በዚህኛው ጊዜ ወደ እኔ ይጠቁሙ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

«መሞቱን ሰምተሻል?» አሉኝ አዴ ቡሊ።

«ሰምቻለሁ።»

«እኛም በዕለቱ ሰምተናል። ከደራ ሰው ልከውብን ነበር። ማኅበሩ ትራክተር ከነተሳቢው አዘጋጀልን፣ ውጡ አለን።» «ለዋሸን ሰው ቀብር አንሄድም ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ስል ሁሉም ቀረ። ትራክተሩ እዚያ ዛፍ ሥር ባዶውን ቆሞ ዋለ። ከአዳሚ ቱሉ አንድ ሰው አልቀበረውም፤ ሰማሽ? አንድ ሰው።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለሐዘን አዘቅዝቀው ለበሱት። ሦስቱም ሴቶች ተነሥተው እንደሳቸው አደረጉ። እኔም የራሴን ነጠላ ያዝኩ።

«አንቺ ተይ» አሉኝ፤ ቁጣ የለውም ድምፃቸው። «ሂጂ፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። አውቶቡስ ያመልጥሻል።»

«አብሬያችሁ ላልቅስ።»

«ልቅሶው የእኛ ነው። አንቺ ሂጂ።»

ሄድኩ። መንገድ ዳር ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ የመጀመሪያዋ ሴት የጋሽ ረጋሳን ስም ጠርታ ስትጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለተኛዋ፣ ከዚያ ከየቤቱ የወጡት። አውቶቡሱ ቶሎ አልመጣም።